የእናት አራት ዓመት፣ የትምህርት አራት ዓመት

ጥያቄና ምክር ለባለትዳሮች

በዚህ ዓምድ ከባለትዳሮች የሚደርሱንን ጥያቄዎች እየተቀበልን ስንመካከር ቆይተናል። አብዛኞቹ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ አማቶችና በቤት ውስጥ ስለሚሰፍን ዝምታ ናቸው። የዛሬው ደብዳቤ ከእነዚህ ሁሉ ጥቂት ጥቂት አለበት፤ ጉዳዩ ግን ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። የጠያቂያችንን ማንነት የሚያሳውቁ ነገሮችን አውጥተን እንደሚከተለው አሳጥረነዋል።

«ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህርት ናት። እኔ በአንድ ድርጅት የግዢ ሠራተኛ ነኝ። እናቷ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ሲጨምሩ ዕድሜ ነው ብለን ሳቅን። ቆይተው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የገዛ ሰፈራቸው ጠፋቸው። ሐኪም አልዛይመር እንደሚመስል የነገረን ባለፈው ዓመት ነው። በቅርቡ ደግሞ ባለቤቴን ‹አንቺ የማን ልጅ ነሽ?› ብለው ጠየቋት። ያን ሌሊት ሳትተኛ አደረች።

በዚሁ መካከል አውሮፓ ውስጥ ለሦስተኛ ዲግሪ ተቀባይነት አገኘች። ጥናቱ የአንጎል ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚጎዱ በሽታዎች እንዴት እንደሚዛመቱ በኮምፒውተር ስሌት መከታተል ነው ትላለች። አራት ዓመት ይፈጃል፤ ደመወዝ አለው። ‹እናቴን የወሰደብኝን በሽታ ነው የማጠናው› ስትል እንባዋ ይመጣል። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ሐኪም ሳትሆን ሒሳብና የሰው አንጎል ምን አገናኛቸው? ወንድሟ ደግሞ ‹እናትሽን ጥለሽ ስለ እናትሽ በሽታ ልትማሪ ነው?› አላት። መልስ የምትሰጠው በሁለት ወር ውስጥ ነው። ልከልክላት? ልሸኛት? ወይስ አብረን እንሂድ? እባካችሁ ምከሩን።»

ውድ ወንድማችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግመን አነበብነው። ሳይገባዎት ዝም ብለው «እሺ» ወይም «እምቢ» አለማለትዎ በራሱ ለባለቤትዎ ያለዎትን አክብሮት ያሳያል። ጥያቄዎ በሦስት ይከፈላል፤ ጥናቱ ምንድን ነው? ፍሬው ለማን ነው? እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? በየተራ እንያቸው።

ሒሳብና አንጎል ምን አገናኛቸው?

የዚህ በሽታ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ባልና ሚስት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ፣ አንድ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የ51 ዓመት ሚስቱን ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አመጣ። አውጉስተ ዴተር ትባል ነበር። መጀመሪያ በባሏ ላይ ያለ ምክንያት መቅናት ጀመረች፤ ከዚያ መርሳቱ መጣ፤ የቤት ሥራዋም ተምታታባት። የመረመራት ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ከነርቭ ሴሎቹ ውጭ የተከማቸ ዝቃጭ የመሰለ ነገር፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ እንደ ተወሳሰበ ክር ያለ ነገር አየ። ዛሬ የመጀመሪያው አሚሎይድ፣ ሁለተኛው ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች የሚመጣ መሆኑ ይታወቃል።

ቀጥሎ የሚመጡትም ባልና ሚስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሃይኮ ብራክና ኤፋ ብራክ የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ከሞቱ ሰዎች የተገኙ 83 አንጎሎችን መርምረው አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ። ታው እንደ ዝናብ መላውን አንጎል በአንድ ጊዜ አይመታም። በጆሮ አቅጣጫ ወደ ውስጥ ከሚገኝ ትንሽ ስፍራ ይነሣል፤ ወደ ትውስታ ክፍሉ ይሻገራል፤ በመጨረሻም ለቋንቋና ለማመዛዘን ወደምንጠቀምባቸው ክፍሎች ይደርሳል። ብራኮች ይህን ጉዞ በስድስት ደረጃ ከፈሉት። ቅደም ተከተል ያለው ነገር ደግሞ ሊሰላ ይችላል። የሒሳብ ሰዎች የገቡት በዚህ በር ነው።

ስሌቱን ለመረዳት ሁለት የምናውቃቸውን ነገሮች ማሰብ ይበቃል። አንደኛው እርሾ ነው። በቡሃቃ ላለ ሊጥ እርሾ ሲጨመርበት ለጊዜው የሚታይ ለውጥ የለም። ቆይቶ በፍጥነት ይነሣል፤ የሚቦካው ሁሉ ከቦካ በኋላ ይቆማል። የተበላሸ ታውም እንዲሁ ጤነኛውን ሲነካው ወደ ራሱ መልክ እንደሚለውጠው ተመራማሪዎች ያስባሉ። እናትዎ ጨው ከመደጋገማቸው ብዙ ዓመት በፊት በሽታው በዝምታ ሲሠራ ነበር የሚባለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው የገበያ መንገድ ነው። ከገደል ማዶ ያለ መንደር ለዓይን ቅርብ ነው፤ ወሬ ግን ቀድሞ የሚደርሰው፣ ሩቅም ቢሆን፣ በገበያ መንገድ ለተገናኘው መንደር ነው። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ፤ የአንጎል ክፍሎችም በረጃጅም የነርቭ መስመሮች የተያያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሺሽ ራጅና ባልደረቦቹ በኒውዮርክ የጤነኛ ወጣቶችን የአንጎል መስመሮች ካርታ ወስደው፣ በሽታው በእነዚህ መስመሮች ቢጓዝ የት የት እንደሚደርስ አሰሉ። ስሌታቸው ያወጣው ሥዕል በሕመምተኞች አንጎል ላይ ከሚታየው መኮማተር ጋር ተቀራረበ።

እርሾውንና መንገዱን አንድ ላይ የሚያሰላው ቀመር ዕድሜው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ጠቃሚ የሆነ የዘር ባሕርይ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚስፋፋ ለማስላት ጻፈው፤ በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭና ባልደረቦቹም ደረሱበት። ዛሬ በኦክስፎርድ አላን ጎሪየሊ፣ በስታንፎርድ ኤለን ኩል ይህንኑ ቀመር ለአንጎል በሽታ ተጠቅመውበታል። እንግዲህ የሒሳብ መምህርት የሆነችው ባለቤትዎ በዚህ መስክ እንግዳ አይደለችም። ለእንደዚህ ዓይነቱ የዶክትሬት ቦታ ብዙውን ጊዜ የሚፈለጉት የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኮምፒውተር ወይም የምሕንድስና ተመራቂዎች ናቸው። ስለ በሽታው የሚያስፈልጋትን ከሐኪሞች ጋር እየሠራች ትማረዋለች።

የዕለት ሥራዋስ ምን ይሆናል? ነጭ ካፖርት ለብሳ በሽተኛ አታክምም። የብዙ ሰዎችን የአንጎል ምስሎች ከኮምፒውተር ላይ ትወስዳለች፤ ታጣራለች፤ ፕሮግራም ትጽፋለች። የአንድን ሰው የዛሬ ምስል ሰጥታ ሞዴሉን «ከሁለት ዓመት በኋላ የት ይደርሳል?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ መልሱን ከሁለት ዓመት በኋላ ከተነሣው እውነተኛ ምስል ጋር ታስተያያለች። ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ለምን እንዳልገጠመ መፈለግ ነው ትምህርቱ።

ፍሬው ለማን ነው?

ወንድማችን፣ እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። ይህ ጥናት የባለቤትዎን እናት አይፈውስም። ባለቤትዎ በልቧ ጥግ «ቶሎ ብማር እደርስላቸው ይሆናል» የሚል ተስፋ ይዛ ከሆነ፣ ከመሄዷ በፊት በፍቅር ሊነገራት ይገባል። በዚያ ተስፋ የሄደች ሴት እናቷ ሲያርፉ ትምህርቱንም ራሷንም ትጠላለች።

ያለንበትን እንይ። ሌካነማብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ በ27 ከመቶ አዘገየ። አዘገየ እንጂ አላቆመም፤ የጠፋውንም ትውስታ አልመለሰም። የአንጎል እብጠትና መድማትም ሊያስከትል ይችላል። የሚሰጠውም በሽታው ገና ሲጀምር ነው፤ ብዙ ከተጓዘ በኋላ አይረዳም።

የባለቤትዎ ሙያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ቀድሞ መሰጠት ካለበት ማን እንደሚታመም፣ በሽታው በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት የ1,612 ሰዎችን መረጃ በኮምፒውተር መርምሮ ታው የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ እንዳልሆነ፣ አራት የተለያዩ መንገዶች እንዳሉት አሳይቷል። ይህን የሚያህል ነገር በዓይን ብቻ አይለይም፤ ስሌት ይፈልጋል። ፓርኪንሰንን የመሰሉ በሽታዎችም በተመሳሳይ ዘዴ ይጠናሉ።

ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ተመራማሪዎች በብዛት የተጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተጀመረው ትልቅ የአንጎል ምስሎች ስብስብ ግን ለረጅም ጊዜ የተሞላው በአብዛኛው በነጭና ብዙ በተማሩ ሰዎች ነው። ከዚያ የተማረ ሞዴል ለአንዲት ያልተማሩ የኢትዮጵያ እናት ይሠራል ወይ? ይህን ጥያቄ ከልቧ የምትጠይቀው እንደ እርሳቸው ያለ እናት ያሳደገቻት ተመራማሪ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ የጥናቱ ፍሬ ለሌላ ሰው እናት ነው፤ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ። የእርሷ እናት ግን የሚያስፈልጋቸው ዛሬ የሚያጎርሳቸውና የሚያጥባቸው እጅ ነው። ትምህርቱ የሚፈጀው አራት ዓመትና እናቲቱ የሚጓዙበት አራት ዓመት አንድ ናቸው። ስትመለስ የምታገኛቸው እናት ዛሬ የተለየቻቸው አይሆኑም፤ ምናልባትም አታገኛቸውም። ይህን ሁለታችሁም ዐውቃችሁ ወስኑ።

ስለ ቦታው መጠየቅ ያለባችሁ

ደስታው ሳያጣድፋችሁ ጥቂት ነገሮችን በጽሑፍ ጠይቁ። አንደኛ፣ ደመወዝ ነው ወይስ ድጎማ? በስዊድንና በኔዘርላንድ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው እንደ ሠራተኛ ተቀጥሮ ለአራት ዓመት ደመወዝ ይከፈለዋል። በእንግሊዝ ብዙውን ጊዜ ወርሃዊ ድጎማ ነው፤ ጊዜውም ከሦስት እስከ አራት ዓመት ነው። በአሜሪካ አምስትና ስድስት ዓመት መፍጀቱ የተለመደ ነው። ከደመወዙ ላይ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ተቀንሶ ምን እንደሚተርፍ እርስዎ በግዢ ሙያዎ ቁጭ ብለው ያስሉት።

ሁለተኛ፣ ቤተሰብ መከተል ይችላል ወይ? ሕጉ በየአገሩ ይለያያል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚመጡ አብዛኞቹ ተማሪዎች ቤተሰብ እንዳያስከትሉ ስትከለክል የዶክትሬት ተማሪዎችን አልከለከለችም። በአሜሪካ ደግሞ በተለመደው የተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው ባለቤቱን መውሰድ ቢችልም ባለቤቱ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድለትም። ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ያደረ ባል ሥራ ፈትቶ ቤት ሲውል ትዳር ላይ ምን እንደሚያመጣ ገምቱት።

ሦስተኛ፣ አማካሪ መምህሯ ከዚህ በፊት ስንት ተማሪዎችን አስመረቁ? በስንት ዓመት? የሚያስፈልገው መረጃ ተሰብስቦ ያለቀ ነው ወይስ ገና የሚጠበቅ? ካሉት ተማሪዎች ከአንዱ ጋር ለብቻዋ ትነጋገር።

አራተኛው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው። ይህ ሥራ በላቦራቶሪ ሴል የሚያሳድጉበት አይደለም፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውን በስድስት ወር ማዘግየት ይቻል እንደሆነ፣ በየዓመቱ ጥቂት ወራት አገር ቤት ሆና መሥራት ትችል እንደሆነ ትጠይቅ። የሕሙማን መረጃ ከተቋሙ እንዳይወጣ የሚከለክል ውል ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ ይጣራ። ጉዳዩን ለአማካሪዋ ሳትሸሽግ ትንገር፤ «እናቴ በዚሁ በሽታ ታመዋል» ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

እናትን ማን ይይዛል?

በመጀመሪያ እናቲቱ በሚገባ ተመርምረው እንደሆነ አረጋግጡ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም መርሳት ያመጣሉ፤ እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። የጆሮና የዓይን ድካምም ነገሩን ያባብሰዋል።

እርሳቸውን ይዞ መሄድ የሚለው አሳብ ከፍቅር ቢመጣም አንመክረውም። ለተማሪ እናት ቪዛ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቢገኝም የለመዱት ቤት፣ የለመዱት ቋንቋና የጎረቤት ድምፅ ለእንደርሳቸው ዓይነት ሕመምተኛ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ እርሱ ሲወሰድ ግራ መጋባቱ ይብሳል።

ታዲያ ባለቤትዎ ከሄደች ማን ያጥባቸዋል? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አይበሉ። እርስዎ አማች ነዎት፤ እርሳቸውም በደኅናው ጊዜ ቢሆን በእርስዎ እጅ መታጠብን አይፈቅዱም። ስለዚህ ታማኝ የሆነች፣ የምትከፈል፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ያላት ሴት ያስፈልጋል። ወጪውን ወንድምየውም ይጋራ። በቃሉ እህቱን የወቀሰ ሰው በእጁም ሊያግዝ ይገባዋል፤ ይህን ግን በቁጣ ሳይሆን ቤተሰብ ሰብስባችሁ፣ ቀንና ብር ቆርጣችሁ ተነጋገሩ። የሰፈራችሁ የጸሎት ኅብረት እህቶች በሳምንት አንድ ከሰዓት እየመጡ አብረዋቸው ቢቀመጡ ለአስታማሚዋ ትልቅ ዕረፍት ነው። «አይዟችሁ» ብሎ ከመሄድ ይህ ይበልጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ ወገኖች እንዲህ ያለውን ሰው «መንፈስ ይዞት ነው» ብለው በጉባኤ ፊት ሊያቆሙት ይሞክራሉ። እባካችሁ እናቲቱን ከዚህ ጠብቋቸው። መጸለይ መልካም ነው፤ እንጸልይላቸው። ነገር ግን የገዛ ልጃቸውን ያልለዩት በአንጎላቸው ያሉ ሴሎች ስለ ሞቱ እንጂ ስለ ጠሏት ወይም ስለ በደሉ አይደለም። «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉም አትከራከራቸው፤ «ረስተውኝ ነው?» ብላ አታሳጣቸው። «እማዬ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ» ብላ ስሟን ትንገራቸውና እጃቸውን ትያዝ። ነገም ይጠይቃሉ፤ ነገም ትንገራቸው።

ምክራችን

አይከልክሏት። በክልከላ የቀረች ሴት በእናቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣም ልቧ ሌላ ቦታ ነው። እንዲሁ ደግሞ አይሸኟት። መጀመሪያውን ለማዘግየት ይጠይቁና በእነዚያ ወራት እርሷ የሄደች ይመስል ኑሩ። አስታማሚዋን ቅጠሩ፤ ወንድምየው ድርሻውን ይጀምር፤ የልጆቹን ትምህርት ቤትና እራት እርስዎ ይያዙ። ባለቤትዎ እዚያው ቤት ሆና እጇን ትሰብስብ። ሦስት ወር ሳይሞላ የቱ እንደሚጎድል ይታያችኋል። ቤቱ ከቆመ ትሂድ፤ እርስዎና ልጆቹም ዓመት ሳይሞላ የምትከተሉበትን ወይም እርሷ የምትመላለስበትን ቀን ቁረጡ። አራት ዓመት ሙሉ መለያየትን ግን ለማንም ባለትዳር አንመክርም። ማዘግየት አይቻልም ቢባሉም ያሏችሁን ሁለት ወራት ለዚሁ ሙከራ ተጠቀሙባቸው።

ቤቱ ካልቆመ ትቅር። ብትቀርም ሙያው አያመልጣትም። ያ የአሜሪካው የምስል ስብስብ ለተመራማሪዎች በማመልከቻ ይሰጣል፤ ካለችበት ዩኒቨርሲቲ ሆና ልትጀምር ትችላለች። ዕድሉ ሌላ ዓመትም ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ከቀረች፣ መቅረቷን እናንተም እርሷም እንደ ዕዳ አትቁጠሩት። «ለእናንተ ብዬ» የሚለው ቃል በቤታችሁ አይሰማ።

ብትሄድም ብትቀርም ግን አንድ ሥራ አላት፤ እርሱ ለስድስት ወር አይዘገይም። እናቷ ገና በሚያውቋት ደኅና ቀኖች አጠገባቸው ቁጭ ትበል። ስለ ልጅነታቸው ትጠይቃቸው፤ የቅርቡ ቢጠፋም የድሮው ይቆያል። ድምፃቸውን ትቅዳ። የምትለውን ምስጋና ዛሬ ትበላቸው። እርስዎም ልጆቹን ይዘው ለአንድ ከሰዓት ወጣ ይበሉና ሁለቱን ብቻቸውን ይተዉአቸው።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ የመርሳት በሽታ ያለበትን ወላጅ የያዛችሁ ባለትዳሮች ልምዳችሁን ጻፉልን፤ ስማችሁን ሳንጠቅስ በሚቀጥሉት እትሞች እናካፍለዋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።